ኒኮሲያን ከሁለቱም ወገን የሚያስጎበኘው የእግር ጉዞ ቱር፣ ከ5ቱ 4 ሰጥቼዋለሁ

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ፣ እኔም የሰው ሪቪው ሳነብ ቀድሜ የምፈልገው እሱን ስለሆነ። በሰው 20 ዩሮ፣ ካሽ ብቻ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብለው አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሄድኩት ኖቬምበር 2025 ነው፣ አየሩ ግሩም ነበር፣ በበጋ ግን በዛ ፀሐይ አራት ሰዓት ተኩል ማንም አይሞክረው።

ሳይፕረስ የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። አብሮ አደጌ ኒኮሲያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፣ አምስት አመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው፣ እስቲ አንድ ሳምንት ልያት ብዬ ከፍራንክፈርት ተነሳሁ። እረፍቷ እሁድ ብቻ ነው፣ ሌላውን ቀን ብቻዬን ምን ላርግ ስል ሪሴፕሽኑ ላይ ከተደረደሩት ወረቀቶች ይሄን አገኘሁ፣ «ሁለት ጋይድ፣ ሁለት ወገን፣ አንድ ከተማ» ይላል። ስለ ደሴቷ የማውቀው ነገር ቢኖር የሐዋርያው በርናባስ አገር መሆኗን ነው፣ ቆጵሮስ እያልን ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው፣ በቃ። ደቡቡ የግሪክ ሳይፕረሳውያን፣ ሰሜኑ የቱርክ ሳይፕረሳውያን ሆና ለሁለት መከፈሏን ሰምቻለሁ ግን እንዲህ መንገድ መሃል ቆሞ ፓስፖርት የሚያሳዩበት መሆኑን አላሰብኩም።

ቅዳሜ ጠዋት በኛ አራት ሰዓት ላይ ኤሌፍቴሪያ አደባባይ ተሰበሰብን፣ ያ ዛሃ ሃዲድ ዲዛይን ያረገችው ነጭ ድልድይ ያለበት ቦታ። ጋይዱ ሃምሳ አመት የሚሆነው ግሪክ ሳይፕረሳዊ ነው፣ ቀልደኛ፣ ሲያወራ በእጁ ነው የሚያወራው። የመጀመሪያ ቅሬታዬ እዚሁ ጋ ነው፣ ስቆጥር 24 ሰው ነበርን፣ ማይክ የለም፣ ከኋላ የቆመ ሰው የሚሰማው የሞተር ሳይክል ድምፅ ነው። ስለዚህ ከሄዳችሁ ከፊት ከፊት ተጋፍታችሁ ሂዱ፣ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ከተማዋን የከበበው ግንብ ቬኒሶች የሰሩት ነው፣ ክብ ነው፣ 11 ወጣ ወጣ ያሉ ምሽጎች አሉት። አምስቱ በደቡብ፣ አምስቱ በሰሜን፣ አንዷ ደግሞ መሃል ዩኤን እጅ። ጋይዱ ይሄን ሲናገር «ምሽጎቹን እንኳን እኩል ተካፍለናል፣ ያልተካፈልነው ሌላውን ነው» አለና ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን ይሄን ቀልድ በቀን ስንቴ ይለዋል ብዬ እያሰብኩ ነበር።

ከዛ ሌድራ መንገድን ይዘን ሽቅብ። ጫማ ቤት፣ አይስክሬም፣ ስልክ ቤት፣ ከዛ በቃ መንገዱ ያልቃል፣ የፖሊስ ኪዮስክ። እዚህ ጋ ቆመን ነው ታሪኩን የነገረን። ሳይፕረስ በ1960 ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ ፕሬዚዳንቱ ከግሪኮቹ ምክትሉ ከቱርኮቹ እንዲሆን ተስማምተው ነበር፣ ሦስት አመት ነው የቆየው። በዲሴምበር 1963 ተጋደሉ፣ ፒተር ያንግ የሚባል የእንግሊዝ ጀኔራል ካርታ ዘርግቶ በአረንጓዴ እርሳስ ከተማዋ ላይ መስመር አሰመረ፣ አረንጓዴው መስመር የሚባለው እሱ ነው። እርሳሱ ቀይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀይ መስመር ይሉት ነበር ማለት ነው። በማርች 1964 የዩኤን ሰላም አስከባሪ መጣ፣ መጀመሪያ የተፈቀደለት ለሦስት ወር ነበር፣ ይኸው ከ60 አመት በኋላም እዛው ነው። ለሦስት ወር ብሎ መጥቶ የልጅ ልጅ የሚያይ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዛ 1974 ላይ በጁላይ 15 ከግሪክ ጋ እንዋሃድ የሚሉት መኮንኖች ፕሬዚዳንቱን አቡነ ማካሪዮስን ገለበጡ፣ በአምስተኛው ቀን የቱርክ ጦር ገባ፣ ሲያበቃ ከደሴቷ 37 በመቶ የሚሆነው በሰሜኑ እጅ ቀረ። ከ160 ሺህ በላይ ግሪክ ሳይፕረሳዊ ወደ ደቡብ፣ ከ40 ሺህ በላይ ቱርክ ሳይፕረሳዊ ወደ ሰሜን ቤቱን ጥሎ ሄደ። መስመሩ አሁን 180 ኪሎሜትር ነው፣ ገጠሩ ጋ ሰባት ኪሎሜትር ይሰፋል፣ እዚህ አሮጌው ከተማ ውስጥ ግን የጠበበበት ቦታ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ቡና ማቀበል ይቻላል።

እኔን የገረመኝ ግን ከጦርነቱ ይልቅ የማንሆሉ ነገር ነው። ጋይዱ ከኪዮስኩ ጎን ያለች አንዲት የብረት ክዳን ላይ ወጣና በጫማው ሁለቴ ረገጣት፣ «የሰላም ስምምነት ማየት የሚፈልግ እዚህ ስር አለ» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከተማዋ ስትከፈል የፍሳሽ ማጣሪያው በሰሜን በኩል ቀረ፣ ሚያ ሚልያ የምትባል ቦታ፣ ቱርኮቹ ሃስፖላት ይሏታል። ደቡቡ ማጣሪያ የለውም፣ ሰሜኑ ማጣሪያው ብቻውን አልጠቀመውም፣ ፍሳሽ ደግሞ ድንበር አያውቅም፣ ወደሚወርድበት ነው የሚወርደው። ታዲያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሁለቱ ወገን ከንቲባዎች ሌሎስ ዲሜትሪያዲስና ሙስታፋ አኪንጂ ባንዲራውን ትተው እናውራ ተባባሉና አንድ የፍሳሽ መስመር ሰሩ፣ እስከዛሬ ይሰራል። ከላይ ወታደር ቆሞ ሲጠብቅ ከታች የሁለቱም ቆሻሻ አብሮ ይሄዳል። ስለዚች ክዳን ብቻ ግማሽ ኮከብ ጨምሬለታለሁ።

አኪንጂን ስሙን ያዙት፣ ወደኋላ ይመጣል።

ቼክፖይንቱን ማለፍ ሁለት ደቂቃ ነው። የደቡቡ ፖሊስ ያያል፣ ሰላሳ አርባ እርምጃ በሁለት የአበባ ማሰሮ መሃል ትሄዳለህ፣ የሰሜኑ ፖሊስ ያያል፣ ፓስፖርቴ ላይ ምንም አልመቱም። በግራና በቀኝ የተዘጋ ቤት ነው፣ በሩ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል፣ መስኮቱ ላይ የበሰበሰ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ ደግሞ አንዲት ወፍራም ብርቱካናማ ድመት ፀሐይ ትሞቃለች፣ አንዱ እግሯ ወደ ደቡብ ጭራዋ ወደ ሰሜን። ፎቶ ክልክል ነው ተብለናል እንጂ እሷን ማንሳት ነበረብኝ። መተላለፊያው የተከፈተው በኤፕሪል 2008 ነው፣ ከዛ በፊት ሱቆቹ መሃል ግድግዳ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩ የተከፈተው ደግሞ በሌድራ ፓላስ በኩል በኤፕሪል 2003፣ ሰው ከሠላሳ አመት በኋላ ቤቱን ለማየት ለሰዓታት ተሰልፎ ነበር ይላሉ። እዚህ ጋ እኔ በሃሳብ ዛላምበሳ ሄድኩ፣ የ2011 እንቁጣጣሽ እለት ድንበሩ ሲከፈት ሰው አፈር ላይ እየተንበረከከ ሲተቃቀፍ በቲቪ ያየነው፣ ከዛ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እነዚህ ቢያንስ ከከፈቱ በኋላ ከኮሮና ጊዜ በቀር አልዘጉትም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ግን ከባድ ነው። ከኛ ጋ አንድ የህንድ ተማሪ ነበር፣ ደቡብ ነው የሚማረው፣ ኪዮስኩ ጋ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው መለሱት። የአውሮፓ ፓስፖርት ያለን ሳቅ ብለን አለፍን፣ እሱ እዛው ቀረ፣ ጋይዱ «ሶሪ» ብሎት ጉዞውን ቀጠለ፣ 20 ዩሮውን ግን አልመለሰለትም። ወረቀታቸው ላይ «ፓስፖርት ይዛችሁ ኑ» ይላል እንጂ የትኛው ፓስፖርትና የትኛው ቪዛ እንደማያሳልፍ አንድ መስመር አልጻፉም። አብሮ አደጌም ለዚህ ነው አምስት አመት ሙሉ በእግር ሃያ ደቂቃ የሚርቅ ሰፈር ረግጣ የማታውቀው፣ ተሻግሬ ብመለስ ፈቃዴን ቢያበላሹብኝስ ብላ ትፈራለች፣ እውነቷን ነው። የኛ ሰው ከሆናችሁና የስራ ወይም የጥገኝነት ወረቀት ላይ ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

ማዶ ሁለተኛዋ ጋይድ ጠበቀችን፣ ቱርክ ሳይፕረሳዊት ናት፣ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ብትሆን ነው፣ ድምፅዋ ይሰማል፣ እግዜር ይስጣት። ስልካችሁን እዩ አለችን፣ ኔትወርኩ የቱርክ ሆኗል፣ ዋጋው በሊራ ነው። በ2016 ክረምት ደግሞ ሰሜኑ የቱርክን ሰዓት ተከትሎ ሰዓቱን ሳይቀይር ቀርቶ የመንገዱ ሁለት ጫፍ የአንድ ሰዓት ልዩነት ነበረው፣ ማዶ ያለው ሰው ጋ ቀጠሮ ስትይዝ «በማን ሰዓት?» ይባል ነበር አለችን። እኛ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው በፈረንጅ እያልን እድሜያችንን የጨረስን ሰዎች ይሄ ብዙም አይገርመንም።

ብዩክ ሃን የሚባለው የ1572 የነጋዴ ማረፊያ ደስ ይላል፣ ግቢው መሃል በአምድ ላይ የቆመች ሚጢጢ መስጊድ አለች፣ ሽንት ቤትም አለ (እስከዛ የለም፣ ተዘጋጁ)። ሴሊሚዬ መስጊድ በፊት የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ነበር፣ በ1570 ነው መስጊድ የሆነው፣ ከውጪ ስታዩት የፈረንሳይ ቤተክርስቲያን ላይ ሚናሬት የተተከለበት ነው የሚመስለው። ከዛ አንድ የጣፋጭ ሱቅ አስገባችን፣ ባለሱቁ በር ላይ ስሟን ጠርቶ ሲቀበላት ኮሚሽን እንዳለው ገባኝ፣ ቢሆንም ሎኩም የሚሉት ለስላሳ ጣፋጫቸው ጥሩ ነው፣ አንድ ሳጥን ገዛሁ።

የቱሩ ምርጡ ክፍል መጨረሻው ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ ደከመኝ ብላችሁ መሃል እንዳትወጡ። በሌድራ ፓላስ በኩል ስትመለሱ ቡፈር ዞኑ (በሁለቱ መሃል ዩኤን የሚጠብቀው ክልል) ውስጥ፣ ከአሮጌው ሆቴል ፊት ለፊት፣ ሆም ፎር ኮኦፐሬሽን የሚባል ቤት አለ፣ ከ2011 ጀምሮ የሁለቱም ወገን ሰዎች የሚሰበሰቡበት፣ ታች ካፌ ነው። ሁለቱ ጋይዶች እዚህ ይገናኙና አብረው ቁጭ ብለው ጥያቄ ይቀበላሉ። ቡናው ያው በትንሽ ድስት የሚፈላው ነው፣ ደቡብ ሆነህ የቱርክ ቡና ካልክ ፊት ይነሱሃል፣ ማዶ የሳይፕረስ ቡና ካልክ ያዩሃል፣ እዚህ ግን በጣትህ አሳይተህ ታዛለህ። ጀበና አይቶ ለማያውቅ ሰው ጥሩ ነው።

አንድ ሆላንዳዊ ሽማግሌ «ታዲያ መቼ ነው የሚፈታው?» ብሎ ጠየቀ፣ በቃ እሳት ለኮሰ። የደቡቡ ጋይድ ስለ 2004 ሳይደብቅ ተናገረ፣ ደሴቷን መልሶ አንድ ለማድረግ የወጣውን የዩኤኑን ዋና ጸሐፊ የኮፊ አናንን እቅድ እምቢ ብዬ ከመረጡት አንዱ ነኝ አለ። ኤፕሪል 24 2004 ሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ ቱርክ ሳይፕረሳውያን 65 በመቶ እሺ ሲሉ ግሪኮቹ 76 በመቶ እምቢ አሉ። የቱርክ ጦር መቼ ጨርሶ እንደሚወጣ አላሳመነኝም፣ የእናቴ ቤትም አይመለስም ነበር አለ። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችውና «እኔ ያኔ ስድስት አመቴ ነበር፣ አባዬ ትከሻው ላይ አድርጎ ሰልፍ ይዞኝ ሄዶ ነበር፣ እሺ አልን፣ ከሳምንት በኋላ እናንተ ሜይ 1 አውሮፓ ህብረት ገባችሁ፣ እኛ በር ላይ ቀረን» አለችው። የ1983ቱን ሰሜኖች ያወጁትን መንግስት ከቱርክ በቀር የሚያውቀው የለም፣ እኔ የምኖረው ፖስታ እንኳን በቱርክ ዞሮ በሚመጣበት አገር ነው አለች። እሱ አንገቱን ደፋ፣ ከዛ ደግሞ ቀና ብሎ ስለ ጦሩ ጀመረ። አስቡት፣ በየሳምንቱ አብረው የሚሰሩ ሰዎች ናቸው። ትያትር ነው እንዳልል የልጅቷ አንገት ቀልቶ ነበር።

አኪንጂ እዚህ ጋ ተመልሶ መጣ። የማንሆሉ ከንቲባ በ2015 የቱርክ ሳይፕረሳውያን መሪ ሆኖ ተመረጠ፣ ከግሪኮቹ መሪ አናስታሲያዲስ ጋ እኛ በመጣንበት በሌድራ መንገድ አብረው ተንሸራሸሩ፣ በሁለቱም ወገን ቡና ጠጡ፣ ሰው አለቀሰ። ከዛ በጁላይ 2017 ስዊዘርላንድ ክራንስ ሞንታና የሚባል ተራራ ላይ የዩኤኑ ዋና ጸሐፊ ጉቴሬዝ እራሱ ባለበት እራት ላይ ድርድሩ ፈረሰ። የፈረሰው ደግሞ ደህንነት በሚባለው ላይ ነው፣ በ1960 ውል እንግሊዝ፣ ግሪክና ቱርክ ዋስ ናቸው፣ ዋስ ጣልቃ ይግባ አይግባ፣ ጦሩ ይውጣ ይቆይ። ሰውየው «እናንተ ናችሁ ያፈረሳችሁት» ልጅቷ «እናንተ ናችሁ»፣ እኔ ደግሞ በልቤ ፍሳሹን ያስማማ ሰው ጦሩን ማስማማት አቃተው እያልኩ ነበር፣ ምክንያቱም የፍሳሹ ነገር በሁለት ከንቲባ እጅ ነበር፣ ጦሩ ግን አንካራ ነው ያለው፣ ዋሱ ደግሞ አቴንስና ለንደን።

ከዛ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ነው የነገሩን። ሰሜን ላይ ኤርሲን ታታር መጥቶ ሁለት መንግስት ካልሆነ አለ፣ አመታት እንዲሁ አለፉ። በማርች 2025 ጄኔቫ ላይ አራት አዲስ መተላለፊያ እንክፈት ተባባሉ፣ እኔ ስሄድ አንዱም አልተከፈተም ነበር፣ ከሚከራከሩባቸው አንዱ ደግሞ ያው ሚያ ሚልያ ነው፣ የማጣሪያው ሰፈር። ዩኤን ማሪያ አንሄላ ኦልጊን የምትባል የኮሎምቢያ የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልኳል። በኦክቶበር 2025 ሰሜኖቹ ታታርን ጥለው ቱፋን ኤርሁርማንን መረጡ፣ እሱ ፌዴሬሽን የሚል ሰው ነው፣ ስለዚህ ልጅቷ ትንሽ ተስፋ አላት። ሰውዬው «እስቲ እናያለን» አለ፣ ያቺን የኛን እስቲ የምትመስል ነገር።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም አልተከራከሩም፣ የጠፉ ሰዎች ኮሚቴ ላይ። በ1960ዎቹና በ1974 የጠፋው ሰው ሁለቱም ወገን ተደምሮ 2,002 ነው፣ 1,510 ግሪክ፣ 492 ቱርክ። የሁለቱም ወገን ወጣት ሳይንቲስቶች አንድ ላይ ሆነው ይቆፍራሉ፣ አጥንቱን አሮጌው የተዘጋው ኤርፖርት ግቢ ውስጥ ያለ ላብ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይገጣጥማሉ፣ በዲኤንኤ ከቤተሰብ ያመሳክራሉ፣ እስካሁን ከሺህ በላይ ሰው ለቤተሰቡ ተመልሷል። ማን ገደለው የሚለውን አይጠይቁም፣ ስራቸው አጥንቱን መመለስ ብቻ ነው። ልጅቷ የአያቷ ወንድም ከዛ እንደተመለሰ ነገረችን፣ አንድ ትንሽ ሳጥን ነው አለች፣ በእጇ እያሳየች፣ የጫማ ካርቶን የምታክል። እዛ ጋ ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ሰውዬው ውሃ ቀዳላት።

ቢል ሲመጣ እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል፣ ቡና በ20ው ውስጥ አይካተትም፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ከቡና ጋር» ይላል። ትንሽ ነገር ነው ግን ያናድዳል።

ማታ አብሮ አደጌ ጋ ሄድኩ፣ ስትሮቮሎስ ነው የሚኖሩት። አሮጊቷን ያያ ነው የምንላት፣ በግሪክኛ አያቴ ማለት ነው፣ ሰማንያ ስድስት አመቷ ነው፣ የኪሬኒያ ሰው ናት፣ በ1974 በነጠላ ጫማ ነው የወጣችው። ኪሬኒያ ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን ሄዳ አታውቅም፣ ልጆቿ ሄደው ቤቱን አይተው ፎቶ አምጥተውላታል፣ እሷ ግን ወደ ቤቴ ለመግባት ፓስፖርት አላሳይም ትላለች። እኔ ማዶ መሄዴን ስትሰማ በአብሮ አደጌ በኩል ጠየቀችኝ፣ ባህሩን አይተሻል? አላየሁም፣ ቱሩ እዛ ድረስ አይሄድም አልኳት። እጇን እያወናጨፈች «ታዲያ ምን አየሽ» አለች።

ሎኩሙን አወጣሁ። አብሮ አደጌ በአይኗ አታውጪው ትለኛለች፣ ዘገየች። ያያ አንዱን አነሳች፣ ስኳሩን ጣቷ ላይ አራገፈች፣ ከየት ነው አለች፣ ከአሮጌው ከተማ ነው አልኩ፣ ውሸት አይደለም። በላችው። ትንሽ አላምጣ «ጽጌረዳው ይበዛል፣ የኛው ይሻላል» አለችና ሁለተኛውን አነሳች።

ለማንኛውም የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ በአዘቦት ቀን ያዙ፣ ምቹ ጫማ፣ ውሃ፣ ለቡናው ሦስት ዩሮ ለብቻ፣ ሎኩም ደግሞ ጋይዷ ካስገባችን ሱቅ ሳይሆን ብዩክ ሃን ጀርባ ካሉት ግዙ፣ ያንኑ ሳጥን ስመለስ በግማሽ ዋጋ ነው ያየሁት።